በጓሯችን የጠፋው ሳሙና

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ከተማ ከገባሁ ወዲህ እጄ የጻፈው ከአትክልት ተራ የምገዛውን ሽንኩርትና ቲማቲም ብቻ ነው፤ እሱንም በብጣሽ ወረቀት። ይህን ደብተር የገዛሁት በአፌ ልናገረው ያቃተኝ ነገር ስላለ ነው። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል፣ ዓይኔ መሬት መሬት ያያል። ወረቀት ግን አያፈጥብኝም።

የምሠራላቸውን ሴትዮ እትዬ እላቸዋለሁ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም ትዳር ይዘው ወጥተዋል። ቤቱ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ያለ የድሮ ቤት ነው። ፊቱ ታክሲና ሕዝብ የሚተራመስበት መንገድ፣ ጀርባው ወንዝ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ቤቱን ያየ ሰው ከጀርባው ጫካ አለ ቢሉት አያምንም። ሥራ የጀመርኩ ቀን እትዬ «ልብስ የምታጥቢው እዚያ ነው» ብለው ጓሮውን ሲያሳዩኝ እኔም ደንግጬ ነበር። ወይራ አለ፣ ኮሶ አለ፣ ከታች ጥቅጥቅ ያለ ግራዋ አለ። መሐል ላይ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ትልቅ ጥድ ቆሟል። ከጥዱ ሥር ማጠቢያ ድንጋይ አለ። የእኔ ቦታ እሱ ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ እውላለሁ፤ እጄ ሳፋ ውስጥ፣ ዓይኔ ዛፍ ላይ። ጠዋት ጋጋኖ የሚባሉት ወፎች ከወንዙ በኩል እየጮኹ ይመጡና ቆልማማ አፋቸውን ሣሩ ውስጥ እየሰኩ ትል ይለቅማሉ። አንዱ ሲጮኽ ሁሉም ይቀበለዋል፤ ተሳፋሪ የሚጣሩ የታክሲ ረዳቶች ይመስላሉ። ረፋድ ላይ ግንደ ቆርቁር ኮሶውን መደብደብ ይጀምራል። ስሟን የማላውቃት አንዲት ትንሽ ወፍም አለች፤ ፀሐይ ላይ ስትሆን አረንጓዴ፣ ጥላ ውስጥ ስትገባ ጥቁር ናት። ግራዋው ላይ የሚኖረው እስስት አንድ እግሩን አንስቶ እስኪያስቀምጥ እኔ አንድ ነጠላ አጥቤ እጨርሳለሁ። ሸለምጥማጥ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አመሻሽ ላይ ቀለበት ቀለበት ያለበትን ጭራውን እየጎተተ በአጥሩ ሥር አለፈ። ከጥዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ቁራዎች አሉ፤ አፋቸው እንደ መጥረቢያ የወፈረ፣ ማጅራታቸው ላይ ነጭ ምልክት ያለባቸው።

ሰው ፊት የማፍረው እኔ እንስሳ ፊት አላፍርም። ከየት መጣሽ፣ ለምን አታወሪም አይሉኝም። ከአትክልት ተራ ስመለስ እንኳ መጀመሪያ ወደ ጓሮ ገብቼ ቅርጫቱን እንደያዝኩ ቆሜ አያቸዋለሁ። እትዬም ከመስኮቱ «የቁራ መልእክተኛ! ሽንኩርቱን ልትተክይው ነው?» ብለው ይጠሩኛል።

ብዙ ካየኋቸው በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። እዚያ ጓሮ ውስጥ ሌላውን የሚያምን ፍጥረት የለም። ርግብ የምትመስለው ዋኔ ከሳፋዬ የፈሰሰውን ውኃ አንዴ ከጠጣች ሦስቴ ዞር ብላ ታያለች። እስስቱ አንዱን ዓይኑን ወደ እኔ፣ ሌላውን ወደ ሰማይ ያደርጋል። ጭልፊት ሲያንዣብብ ግንደ ቆርቁሩ ሳይቀር ሥራውን ያቆማል። ቤቱም ከጓሮው አይሻልም። እትዬ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ከአፋቸው አይጠፋም። ስኳሩን ቡፌ ውስጥ ይቆልፋሉ፣ ዘይቱን ይቆልፋሉ። የልብስ ሳሙናውንም በቢላ ቆራርጠው ቆልፈው አንድ አንዱን ይሰጡኛል።

በግቢው ውስጥ ሦስተኛው ሰው ዘበኛው ነበር። ጋሼ እለዋለሁ። ከደቡብ የመጣ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን ሰው ነው። ብዙ አያወራም፤ ሲያወራ ግን ያስቃል። አጠገባችን ያለው ሰፈር ፈርሶ ዛፎቹ ሲነሡ ወፎቹ ሁሉ ወደ እኛ ጓሮ ገቡ። ጋሼ ወደ ላይ እያየ «እነዚህም ምትክ ቤት አልደረሳቸውም መሰለኝ» አለ። ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ወፎቹ ሲበዙ ኩሳቸውም በዛ። አንድ ቅዳሜ የእትዬ ነጭ ቀሚስ ገመድ ላይ እንዳለ ተበላሸ። እትዬ ቀሚሱን አንስተው ለጥዱ አሳዩት፤ እውነቴን ነው፣ ለጥዱ።

«አየህ ሥራህን? ጣሪያዬን በቅጠል አበሰበስከው፣ ልብሴን አበላሸህ። አንድ ጥፋት ብቻ ጨምር፣ በመጋዝ ነው የማስጥልህ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ግን ዛፍ ቆራጭ አስመጡ። ሰውየው ግንዱን በገመድ ለካና በመጥረቢያ አንድ ጊዜ መትቶ ምልክት አደረገበት። «እትዬ፣ ቁረጥ በሉኝ ብቻ፤ በማግስቱ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ባጠብኩ ቁጥር ያንን ጠባሳ አየዋለሁ። እትዬ ሌላ ጥፋት እንዳያገኙበት ስል በየጠዋቱ ከጥዱ ሥር ያለውን ቅጠልና ኩስ ሳያዩ እጠርግ ጀመር።

ሳሙና መጥፋት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። የመጀመሪያውን ከውኃው ጋር የፈሰሰ መስሎኝ ቦዩን ፈለግኩ። ሁለተኛው ልብስ ላሰጣ ዞር ስል ጠፋ። ሦስተኛው ሲጠፋ እትዬ ፊት ቆምኩ።

«ሳሙና እግር አለው?»

«የለውም፣ እትዬ።»

«ታዲያ በምን ሄደ?»

ዓይናቸው ከራሴ እስከ እግሬ ወረደ። ሌባ የተባለች ሠራተኛ ከዚህ ሰፈር ሌላ ቤት አታገኝም፤ ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። የምመለስበት ቤት ደግሞ የለኝም።

እኔ ካልወሰድኩ ሌላ ሰው ወስዷል ማለት ነው። ሌላ ሰው ያለው ጋሼ ብቻ ነው። ማየት ጀመርኩ። ሁልጊዜ ቀትር ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወደ ዛፎቹ ይገባል፤ ጥቅሉ አራት ማዕዘን ነው። ሲመለስ እጁን እያራገፈ ነው። ከታች አጥሩ ወንዙን ይዞ ነው የሚሄደው፤ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ለሰው የሚሰጥ መሰለኝ። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ስንጋጭ «ምነው እህቴ፣ ጭልፊት ሆንሽብኝ» አለኝና ሳቀ። መሳቁ ራሱ አጠራጠረኝ።

በወሩ ሃያ ሦስት እትዬ ጊዮርጊስ አስቀድሰው በላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዘው ተመለሱ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ የሰማዕቱን ሥዕል ከግድግዳው አውርደው በረንዳው ላይ ወንበር ላይ አቆሙትና ሁለታችንን ጠሩን።

«እኔ ሰው አልከስም» አሉ። «ስሙን ጠርታችሁ ማሉልኝ። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

እኔ ቀደምኩ። «ጊዮርጊስን፣ አልወሰድኩም።»

«ጮክ በይ! ፈረስ ላይ ነው ያለው፣ አይሰማሽም!»

ጮክ ብዬ ደገምኩት። ተራው የጋሼ ሆነ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እትዬ፣ እኔ አልወሰድኩም።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ማል።»

«አልምልም።»

«ምን አልክ?»

«በሃይማኖቴ አይማልም፣ እትዬ። አልወሰድኩም ካልኩ አልወሰድኩም ነው። ቃሌ ካልታመነ መሐላዬ ምን ይጨምራል?»

ጋሼ ፕሮቴስታንት ነው። እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት እንደሚሄድ እትዬም እኔም እናውቃለን። ግን ያን ሰዓት ሁለታችንም እሱን አላሰብንም። በእኔ አገር ሽማግሌ ፊት ማል ተብሎ እምቢ ያለ ሰው ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ሌላ ምስክር አይፈለግም። እትዬም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ወደ እኔ ዞረው «ሰማሽ አይደል? ከመሐላ የሚሸሽ እጁ ያደፈ ነው» አሉ። እኔም በልቤ እውነት ነው አልኩ። ሸክሙ ከእኔ ላይ ስለወረደ ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ደስታ ሳስታውሰው አሁንም አፍራለሁ።

«አንድ ወር ሰጥቼሃለሁ፤ ሌላ ሥራ ፈልግ» አሉት።

«እሺ፣ እትዬ» ብሎ ባርኔጣውን አደረገ።

ያልሰረቀ ሰው ይጮኻል እንጂ እሺ ይላል? ደግሞስ እሱ ከሄደ በኋላ ሳሙና ቢጠፋ የምቀረው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ በዓይኔ ልይዘው ቆረጥኩ። በሚቀጥለው የእጥበት ቀን አዲሱን ሳሙና ድንጋዩ ላይ፣ እንዲታይ አድርጌ አስቀመጥኩና ከውኃ ታንከሩ ኋላ ተደበቅኩ።

ቀትር ላይ ጋሼ ፌስታሉን ይዞ መጣ። በሳሙናው አጠገብ አለፈ፤ ዞር ብሎም አላየው። ወይራው ሥር ተቀመጠና ፌስታሉን ፈታ። ውስጡ መጽሐፍ ቅዱስና ግማሽ ዳቦ ነበር። ከዳቦው ፈርፍሮ ጉቶ ላይ በተነ፤ ዋኔዎቹ እንደለመዱት ወረዱ። እጁን አራገፈ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ።

እሱ ዓይኑን በጨፈነበት ቁራው ወረደ። አልተቻኮለም፤ ግቢውን እንደተከራየ ሰው በእግሩ ነው ወደ ድንጋዩ የሄደው። ሳሙናውን አንድ ጊዜ በአፉ ኮረኮመው፣ ገለበጠው፣ ጎኑን ነክሶ አነሣው። ግራ ቀኝ አየና ተነሥቶ ጥዱ ጫፍ ላይ ወጣ። በዓይኔ ተከትዬው ወደ ላይ ሳይ ትልቅ የጭራሮ ጎጆ አየሁ። ሁለት ቀያይ አፎች ተከፈቱ፣ ሁለት ጩኸት ሰማሁ። ጫጩት አላቸው!

እኔ ባደግኩበት ልብስ የምናጥበው በእንዶድ ነው። እንዶድን ቁራ ዞር ብሎም አያየውም። ሳሙና ከሞራ ሊሠራ እንደሚችል፣ ሞራ ደግሞ ለቁራ ሥጋ መሆኑን ማን ይነግረኛል? እትዬም ሳሙናን የሚያውቁት በቡፌ ነው። ልስቅ ነበር። ግን ዓይኔ ግንዱ ላይ ካለው የመጥረቢያ ጠባሳ ላይ አረፈ። አንድ ጥፋት ብቻ ጨምር ብለውት የለ?

ብናገር ጥዱ በማግስቱ ይወድቃል፤ ጎጆውም፣ ጫጩቶቹም። ዝም ብል ጋሼ ሌባ ተብሎ ይወጣል። ሌሎች ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። እኔ ያደረግኩት የማውቀውን ነው፤ ዝም አልኩ። ዞር ባልኩ ቁጥር ሳሙናውን መቀነቴ ውስጥ እየቋጠርኩ ማጠብ ጀመርኩ። ሳሙና ካልጠፋ እትዬ ይረሱታል፣ ጋሼም ይቀራል ብዬ ነበር።

የባሰ አጠፋሁ። ሁለት ሳምንት ምንም ሳይጠፋ ሲቀር እትዬ ረክተው መጡ።

«አየሽ? ከተነገረው ወዲህ እጁን ሰበሰበ። ሌባ ማለት እንዲህ ነው፣ ካወቁበት ይተዋል።»

አንገቴን ሳፋው ላይ ደፍቼ አንድ ካልሲ ደጋግሜ አሸሁ። ከላይ ቁራው ወርዶ ባዶውን ድንጋይ ዞረው፤ ከዚያ አንገቱን አዘንብሎ እኔን አየኝ። እሱም እኔን ጠረጠረኝ።

ለጋሼ ልነግረው ሞክሬ ነበር። ምሳውን ይዤለት ወደ ዘበኛ ቤቱ ስሄድ ከግቢው መሐል ጀምሮ ቃሉን እየደገምኩ ነው። ስደርስ ሳህኑን ብቻ አቀበልኩት። አንድ ቀን እጁን እየታጠበ ወደ ጥዱ አየና «ትልቁ ጫጩት ዛሬ ቅርንጫፍ ቀየረ፤ ትንሹ ግን ሰነፍ ነው፣ እናቱ ቤት መብላት ለምዷል» አለ። ወፍ ስለሚወድ ነው ብዬ አለፍኩት። ወዴት ልትሄድ ነው ብዬ ስጠይቀው «ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ብረት ልጠብቅ ነው» አለ። «ብረት ዳቦ አይለምንም፣ ይሻላል።» ይህን ሲል ግን አልሳቀም።

ወሩ አለቀ። ጋሼ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ዕቃውን ይዞ በረንዳው ሥር ቆመ። እትዬ ከላይ ሆነው «ሳይፈተሽ አይወጣም» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ፈትሺው።»

እጄ እንዴት ወደ ከረጢቱ እንደገባ አላውቅም። አሮጌ ሹራብ፣ ትንሽ ሬዲዮ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ። ከታች በጨርቅ የተቋጠረ ጠንካራ ነገር ነካሁ። ቋጠሮውን ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ በጣቴ ፈታሁት። ሳሙና ነው። ግማሹ የለም፤ ጠርዙ ላይ ጥልቅ ጥልቅ ያሉ ጭረቶች አሉበት። የሰው ጥርስ እንዲህ አይነክስም። እንደ መጥረቢያ የወፈረው የቁራው አፍ ነው።

ቀና ስል ጋሼ እያየኝ ነው። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሳሙናው ከጎጆው ወድቆ ከጥዱ ሥር አግኝቶታል፤ እትዬ እንዳያዩት አንስቶ ደብቆታል። ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር። አንድ ቃል ተናግሮ ስሙን ማዳን እየቻለ ዝም ብሏል።

«ምን አገኘሽ?» አሉ እትዬ።

«ምንም የለም፣ እትዬ።»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እሳቸውም ገረማቸው መሰለኝ፣ ሌላ ሳይጠይቁ ገቡ።

ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ትናንት ረፋድ ላይ ትንሹ ጫጩት ከጎጆው ጫፍ ዘለለ፤ ሊወድቅ ሲል ኮሶው ላይ አረፈ፣ ከዚያ አጥሩን አልፎ ወንዙን ተሻገረ። ዛሬ ጎጆው ባዶ ነው። ማታ ይህን ደብተር ጨርሼ እትዬ ቁርስ የሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ። መነጽራቸውንም አጠገቡ አስቀምጣለሁ። ጥዱን ያስቆርጡ ይሆናል፤ ዋሽተሽኛል ብለው ያባርሩኝም ይሆናል። እሱን አላውቅም። ሥዕሉ ፊት የማልኩት እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩት ግን እንደ ውሸት ሆኖ ሰው አስወጥቷል።

ጋሼ የወጣ ቀን በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። መንገዱ ላይ ታክሲዎቹ ይጮኻሉ፤ ሰው ይጋፋል። «ጋሼ፣ እኔ...» አልኩና እንደ ልማዴ ቆመብኝ። እሱ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አስተካከለ፣ በራሴ ላይ አሻግሮ የጥዱን ጫፍ አየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎም እንዲህ አለኝ፦

«ትንሹ ገና አልበረረም፣ እህቴ። እሱ እስኪበር ዝም በይ፤ ከበረረ በኋላ ግን ስሜን መልሺልኝ።»